ያልተበላችው ብር

ሰኞ 2

ሐኪሙ «ደብተር ግዢ» አለኝ። «አባትሽ በየቀኑ የሚረሱትን ጻፊልኝ፤ ከወር ከምናምን በኋላ አብረን እናየዋለን።» መግዛቱን ትቼ ከላቦራቶሪው አንድ ያልተነካ አነሣሁ። ሽፋኑ ላይ «የጥርስ ቀለም መመዝገቢያ» ይላል፤ ሰው ሠራሽ ጥርስ ስንሠራ የበሽተኛውን የጥርስ ቀለም የምንጽፍበት ነው። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ጥርስ ስሠራ ኖሬ ደብተር ለራሴ ስይዝ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ ዛሬ የረሱት፦ ምሳ መብላታቸውን። የጎረቤታችንን ስም። መነጽራቸውን (ግንባራቸው ላይ ነበር)። ያልረሱት፦ የዛሬ ስድሳ ምናምን ዓመት ትምህርት ቤት ውስጥ እርሳሳቸውን የነጠቃቸውን ልጅ ስም ከነአባቱ።

ረቡዕ 4

ደህና ቀን ነበር። አባባ የሸሚዛቸውን ቁልፍ አንድም ሳይስቱ ቆልፈው ጠበቁኝ። «ጭንቅላቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ ዕቃዬን ለየባለቤቱ ልስጥ» አሉና ወንድሜን ከነልጁ አስጠሩ።

ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኛል። ማቀዝቀዣ ጠጋኝ ነው። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከአባባ ጋር የምኖረው እኔ ነኝ፤ እሱ በሳምንት ሦስት ቀን በራሱ ቁልፍ ከፍቶ ይገባል፣ ገላቸውን ያጥባቸዋል፣ ጢማቸውን ይላጫቸዋል። ልጁን ሁላችንም ድምቡሼ እንላታለን። በሕፃንነቷ የወጣላት ስም ነው እንጂ ዛሬስ መቃ ሆናለች። የነርስነት ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ልትጀምር ነው። አባባ ከመሳቢያቸው ትንሿን ቆርቆሮ አወጡና ሴትዮዋን ሰጧት።

ሴትዮዋ የምንላት አሮጌ የብር ሳንቲም ናት። በአንድ ፊቷ ጸጉሯን የተጎነጎነች ሴት፣ በሌላው የስንዴ ነዶ አለባት። አያቴ፣ የአባባ እናት፣ በክፉ ዘመን አምስት ልጅ ይዛ ስትሰደድ በቀሚሷ ጠርዝ ሰፍታት ነበር። ልጆቿ በረሃብ ሲያለቅሱ እንኳ አልመነዘረቻትም። አባባ «ያልተበላችው ብር» ይሏታል። ልጅ ሆኜ ለምን አልበላቻትም ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ብትበላት አንድ ቀን እንጠግብ ነበር። በማግስቱ ግን ምንም የሌለን ሰዎች እንሆናለን» ብለውኛል።

ድምቡሼ አንገቷ ላይ ልታደርጋት ፈለገች። አባባ ፈቀዱ፤ «እንዳትበሷት ብቻ፤ አንጥረኛ በብር ቀለበት ይክበባት» አሉ። ልጅቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «አክስቴ፣ አንቺ አትሠሪልኝም? ብረት የምታውቂው አንቺ» አለችኝ። ጊዜ የለኝም አልኳት። ጊዜ ነበረኝ።

እሑድ 8

ድምቡሼ ከሰዓት በኋላ እያለቀሰች መጣች። አንጥረኛው ሥራውን አልቀበልም ብሏታል። «ልጄ፣ አሮጌ ሳንቲም አይደለችም፤ ተመሳስላ የተሠራች ናት» ብሎ መለሰላት። ለአባባ አልነገርንም።

ሰውየው ተሳስቶ ይሆናል። አንጥረኛም ይሳሳታል። ለእሷ ያልኳት ግን፣ «ለራሱ ሊያስቀራት አስቦ ይሆናል» ነው። ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም። ሰውየውን አይቼው አላውቅም።

ማክሰኞ 10

በምሳ ሰዓት ሴትዮዋን ይዤ አንጥረኛው ዘንድ ሄድኩ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሱቃቸው ከአንድ አልጋ አይሰፋም። ሴትዮዋን በጣታቸው ጫፍ አንጠልጥለው በጥፍራቸው ቆረቆሯት። «ስሚ። ድምጿ አጭር ነው።» ከመሳቢያ ሌላ የብር ሳንቲም አውጥተው ቆረቆሩ፤ ያቺ ረዘም አድርጋ ጮኸች። ከዚያ ማጉያውን ሰጡኝ። «ፊቷ ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ሳንቲም በማኅተም ተመትቶ ነው የሚወጣው፤ እንዲህ ያለ ቀዳዳ አያወጣም። ይቺ ቀልጣ የፈሰሰች ናት።»

«ምናልባት በጥንቱ ጊዜ ራሱ የተጭበረበረች ብትሆንስ?» አልኳቸው። እንደዚያ ከሆነ ጥፋቱ የማንም አይደለም።

«አይመስለኝም። ብሩም ንጹሕ አይደለም፤ ጠንከር ያለ የዛሬ ዘመን ነገር ተቀይጦበታል። ማን እንደሠራት ባላውቅም እጁ ይባረክ። እንዲህ ያለ እጅ ብዙ አላየሁም።»

አመሰግናለሁ ልል ምንም አልቀረኝም። ማለቴ፣ ስለ ጊዜያቸው።

ረቡዕ 11፣ ቆሜ

ማን ሊሆን ይችላል? አንጥረኛው ለውጦ መልሷት? ያን ሽማግሌ እንደዚያ ብዬ ብጠረጥር ግፍ ነው። ድምቡሼ፣ አይሆንም። ወንድሜ፣ እሱም አይሆንም። ግን ያኔ ሬዲዮውን... እናቴ? የሞተ ሰው መልስ የለው። ከዚህ ሌላ የማንም እጅ አልነካትም። ከዚህ ሌላ ማንም የለም።

የላቦራቶሪው እቶን ግሏል፤ ልሂድ።

ቅዳሜ 14

የዛሬውን በደንብ ልጻፈው።

ወንድሜ አባባን ሊላጭ መጥቶ ነበር። ውሃው ሞቆ፣ ፎጣው ትከሻቸው ላይ ሆኖ ሳለ አባባ፣ «የልጅቷ አንገት ላይ መቼ ነው የማያት?» አሉ። ወንድሜ መዋሸት አይችልበትም። ፊቱን ያየ ሁሉ ያውቅበታል። አንጥረኛው ያለውን ሁሉ ነገራቸው።

አባባ ፎጣውን ከትከሻቸው አወረዱ። «ከእኔ እጅ ስትወጣ ደህና ነበረች።»

«አባባ፣ እኔም የሰጡንን ነው የላክሁት።»

«አራት ቀን ቤትህ አድራለች። ያኔም ሬዲዮኑን አላየሁትም ብለህ ነበር።»

ወንድሜ በአሥራ ሰባት ዓመቱ የአባባን ሬዲዮ ሸጦ የኳስ ጫማ ገዝቷል። ዛሬ አርባ ሁለት ዓመቱ ነው። «አባባ፣ እሱ የልጅነት ነገር ነው እኮ» አለ።

«ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል። ቁልፌን አምጣ።»

ሳቀ መጀመሪያ። የምራቸውን መሆኑን ሲያይ የቁልፍ ማያዣውን አወጣ። ቀለበቱ ጠባብ ስለሆነ ቁልፉን ለማውጣት ብዙ ታገለ። ጥፍሩ ተሰበረ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና ወጣ። የመላጫ ዕቃውን እንኳ አልያዘም።

እኔ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜያለሁ። አባባ ወደ እኔ ዞረው፣ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ፤ ልብ በይ» አሉ።

«አባባ፣ ምናልባት...» አልኩ።

«ምናልባት ምን?»

«ምንም።»

ሰኞ 16

ትናንት ራሴ ልላጫቸው ሞከርኩ። እኔ ግራኝ ነኝ፤ ከፊት ለፊታቸው ቆሜ ግራ ተጋባሁ፣ አገጫቸው ደማ። «ልጁ የታለ?» አሉ። ደሙን በፎጣ ጠረግኩ። ቁልፉን መቀበላቸው ትዝ ሲላቸው ራሳቸው «አዎን» አሉ።

ዛሬ አንድ ክራውን፣ ጥርስ ላይ የሚለበስ ሽፋን፣ ከክሊኒክ ተመለሰብኝ። ከፍ ብሎ በሽተኛው አፉን መግጠም አልቻለም። ይሄ ስህተት የጀማሪ ነው። ከጎኔ የሚቀመጠው ሰም ቀራጭ አየት አደረገኝና፣ «ፍቅር ነው ወይስ የራስሽ ጥርስ አሞሽ?» አለ።

ዓርብ 20

ሌሎቹ ከወጡ በኋላ ሴትዮዋን በላቦራቶሪው ማጉያ አየኋት። አባባ «ይቺ የኔ አይደለችም» ብለው ስለጣሏት በሥራ ልብሴ ኪስ ነው የምትውለው። ጠርዟ ላይ፣ ከነዶው በታች፣ የክብሪት ራስ የምታህል ቦታ ለስላሳ ናት። ጭረት አለባት። ያረጀ ነገር ይጫራል። በቀሚስ ጠርዝ ተሰፍታ ስንት አገር የዞረች ናት።

መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ። ከደረጃው ተመልሼ አበራሁና እንደገና አየሁ። ጭረት ነው።

እሑድ 22

ከዚህ ጋር ምንም የማይገናኝ ነገር ትዝ ሲለኝ ዋለ። ተማሪ ሳለን መምህራችን፣ «ከቤታችሁ ጥቃቅን ቅርጽ ያለው ነገር አምጡና አስመስላችሁ አፍስሱ» አለን። አንዱ ቁልፍ አመጣ፣ አንዷ ጉትቻ አመጣች። እኔ ከአባባ መሳቢያ ሴትዮዋን ወሰድኩ። ለሁለት ቀን ብቻ፤ ማንም አላወቀም። መልኳን በጎማ ቀዳሁ፣ ጎማው ላይ ሰም ሞላሁ፣ ሰሙን በጀሶ ቀበርኩ። ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በቦታው ለክራውን የምንጠቀምበትን የብር ቅይጥ አፈሰስኩ። አዲሷ ስታብረቀርቅ ታስታውቅ ስለነበር ሁለቱንም ከተቀቀለ የእንቁላል አስኳል ጋር ጣሳ ውስጥ ዘጋሁባቸው። ሲነጋ ሁለቱም እኩል ጠቁረዋል። እንዴት ኮርቼ እንደነበር።

መምህራችን ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ አደባልቆ፣ «እውነተኛዋ የትኛዋ ናት?» አለ። ክፍሉ ተከራከረ። እኔ አላመነታሁም፤ አንዷን አነሣሁ። አጨበጨቡልኝ። ያቺኑ ወስጄ አባባ መሳቢያ ውስጥ መለስኳት። ሌላዋን ለወንድሜ ሰጠሁት፤ የመጀመሪያ ሥራውን ሊጀምር ሌላ ከተማ እየሄደ ነበርና «ለዕድልህ» አልኩት።

መምህሩ ራሱ አጨብጭቧል። መምህር ካጨበጨበ ትክክል ነበርኩ ማለት ነው። ዛሬ አባባ የረሱትን መጻፍ ረሳሁ።

ረቡዕ 25

አባባ ጢማቸውን እየዳሰሱ፣ «ወንድምሽ ዛሬም አልመጣም?» አሉ።

«ቁልፉን ተቀብለውት የለ እንዴ?»

«እኔ? ምን አድርጎኝ?»

የዚያን ጊዜ ዝም ብል ምን ነበረበት? ረስተውታል። ስልክ አንሥቼ ና ብለው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ሴትዮዋን አስታወስኳቸው፣ አንጥረኛውን አስታወስኳቸው፣ አንድ በአንድ። ፊታቸው ሲጠቁር እያየሁ አስታወስኳቸው። «እውነትሽን ነው» አሉ በመጨረሻ። «ደግ አስታወስሽኝ።»

ለምን እንዳደረግኩት ሌሊቱን ሙሉ ራሴን ጠየቅኩ። እሱ ሌባ እስከተባለ ድረስ ሌላ ሰው አይፈለግም። ይሄን ዓረፍተ ነገር ልሰርዘው ነበር፤ ይቅር።

ማክሰኞ 1

መምህሩ በምን ያውቃል? እሱም እንደ ክፍሉ ልጆች የእኔን እጅ ነው ያየው። እኔ አነሣሁ፣ እሱ አመነ። ደፍሬ ስላነሣሁ አመነ።

ልጻፈው እንግዲህ። ከእቶን የወጣ ሥራ ሁሉ የቀለጠው ብረት የገባበት ጭራ ይኖረዋል። ቆርጠነው ቦታውን በሞረድ እናለሰልሳለን። እኔ በግራ እጄ ስለምሞርድ ጭረቴ ከሌላው ሰው በተቃራኒ ያዘነብላል። ላቦራቶሪው ውስጥ የእኔን ሥራ በዚህ ነው የሚለዩት። ዛሬ ሰም ቀራጩ ሴትዮዋን ጠረጴዛዬ ላይ አገኛት፤ አገላብጦ ጠርዟን አየና፣ «ይቺን ደግሞ ለማን ነው የሠራሻት?» አለኝ። አንድ ጊዜ ነው ያያት።

«ድሮ፣ ለልምምድ» አልኩት።

ስለዚህ ያኔ ያነሣሁት የራሴን ነው። ያጨበጨቡልኝ ለስህተቴ ነው። አባባ በየዓመቱ አውጥተው በጨርቅ የሚወለውሏት የእኔ የቤት ሥራ ነበረች። እውነተኛዋን፣ አያቴ ተርባ ያልነካቻትን፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ መጫወቻ ነው ብዬ ሰጠሁት።

ሐሙስ 3

ልነግራቸው ገባሁ። ዜና ያዳምጣሉ። ዜናው ሲያልቅ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ነገ።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ይባላል። የእኔስ ይብሳል፤ የራሴን እከክ ነው ወንድሜ ላይ የለከክሁት።

እሑድ 6

ወንድሜን የሰው ማቀዝቀዣ ከፍቶ ተንበርክኮ አገኘሁት። ተነሥቶ እጁን ጨርቅ ላይ ጠረገ። ከስቷል። ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ አትቆጪኝ። ያኔ ለዕድልህ ብለሽ የሰጠሽኝን በዓመቱ ጣልኳት። ኪሴ ቀዳዳ ነበር፤ ዛሬ እሰፋዋለሁ ነገ እሰፋዋለሁ ስል አንድ ቀን የለችም። የለፋሽባት ስለሆነ እንዳታዝኚ ብዬ እስካሁን አለች ስልሽ ኖርኩ።»

ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ።

«አሁን እሷ በነበረች ብዬ ሳስብ ነበር። አስመስለሽ የሠራሽው ማንንም ያታልል ነበር አይደል? ለአባባ ይኸው ተገኘች ብንላቸው ያርፉ ነበር። ሌላ መሥራት አትችዪም?»

ነገርኩት። ክፍሉን፣ አስኳሉን፣ ጭብጨባውን፣ የሞረዱን ጭረት። የአሥራ አራተኛውን ቀን ዝምታዬንም ነገርኩት። ያንን ስነግረው ነው ቀና ብሎ ያየኝ።

«እንግዲያማ የአባባን ብር ያጠፋሁት በእውነት እኔ ነኛ» አለና ሳቀ። ሳቁን አልወደድኩትም።

«አንተ እውነተኛዋ መሆኗን በምን ታውቃለህ።»

«እሱን ለእሳቸው ንገሪልኝ። እኔ ብናገር ምላሴን አያምኑትም። ቶሎ በይ እንጂ እትዬ፤ አባባ ነገር ይዘው የሚያቆዩት አሁን ለትንሽ ነው።»

«ዛሬ ማታ» አልኩት። ሻይ እንኳ ሳልጠጣ ወጣሁ።

ሰኞ 7

ትናንት ደክሟቸው በጊዜ ተኙ።

ረቡዕ 9

ጉንፋን ይዟቸዋል። በጉንፋን ላይ ይሄ አይነገርም።

ዓርብ 11

ጉንፋኑ እሳቸውን ለቅቆ እኔን ያዘኝ። ድምቡሼ ደወለች። «አክስቴ፣ ነገርሻቸው?» እንዳልነገርኳቸው በድምፄ አወቀች። «አባዬ ስልኩን ገላ ሲታጠብ እንኳ ይዞት ይገባል» አለችኝ። ነገ አልኳት። ለሕመምተኛ «አሁን አያምህም» የምትለው በዚሁ ድምፅ ይሆናል፤ «እሺ አክስቴ» አለች።

ሰኞ 14

የሐኪም ቀጠሮ። አባባን ሰዓት ይሣሉ አላቸው። ክቡን ደህና አድርገው ሣሉ፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በአንድ ጎን ደረደሯቸው። ከዚያ ለእኔ፣ «ደብተሩስ?» አለኝ።

«ቤት ረሳሁት።» ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አንቺም ጀመረሽ?» ብሎ ቀለደ። ቀልዱን ሲጨርስ ድምፁን ቀነሰ። «ፈጠን እያለ ነው። የምትነጋገሩት ነገር ካለ አሁን ተነጋገሩ።» ሁሉም ሰው ለእኔ የሚናገረው አንድ ነገር ሆነ።

ቅዳሜ 19

አባባ ዛሬ ሁለት ጊዜ በእናቴ ስም ጠሩኝ። ለወንድሜ ደወልኩና «ነገ ከልጅህ ጋር ና» አልኩት። ብቻዬን አልቻልኩም። በሰው ፊት ከሆነ መሸሻ የለኝም።

እሑድ 20

እነሱ ከመምጣታቸው በፊት ጠዋት ሻይ እየጠጣን ሳለ በድንገት አወጣሁት። ከመሳቢያው መውሰዴን፣ ማፍሰሴን፣ መሳሳቴን፣ ወንድሜ ምንም እንደማያውቅ። አባባ ብርጭቆውን አስቀምጠው በሚገባ አዳመጡኝ። በልጅነቴ የሒሳብ ውጤቴን ስነግራቸው እንደዚያ ነበር የሚያዳምጡኝ።

«የቷ ብር?» አሉ።

አወጣሁና መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኳት። «ሴትዮዋ። የእናትዎ። በቀሚሳቸው ጠርዝ የሰፏት፣ ተርበው ያልበሏት።»

አገላበጧት። «እናቴ ብር አልነበራትም» አሉ። «እኛ እኮ ምንም የሌለን ሰዎች ነበርን።»

ያኔ አለቀስኩ። ግራ ገባቸው። ፀጉሬን እየዳበሱ፣ «ልጅ ነበርሽ፤ ልጅ ያጠፋል። ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ።

ወንድሜና ድምቡሼ ሲመጡ እንደገና ተናገርኩ፤ ይሄኛው ለእነሱም ነው። ልጅቷ ወለሉን ታያለች። አባባ እንደ አዲስ አዳመጡ፣ እንደ አዲስ አዘኑልኝ፣ እንደ አዲስ «ይቅር ብዬሻለሁ» አሉ። ወንድሜን ግን አላዩትም። «እሱ አልወሰደም አባባ፤ ሰሙኝ?» አልኩ። «ማን? ምኑን?» አሉ።

ወንድሜ፣ «ተይ እትዬ፣ ይበቃል» ብሎ ውሃ ሊያሞቅ ገባ። የአንድ ወር ጢም ነው፤ መጀመሪያ በመቀስ ቀነሰው። ከዚያ አረፋ ቀባቸው። አባባ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ዐይናቸውን ጨፈኑ። ምላጩ ጉሮሯቸው ላይ ሲወርድ ሽፋሽፍታቸው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ቀኝ እጃቸው ግን የኮታቸውን ኪስ ጨምድዶ ይዟል። ኪሱ ውስጥ ያለው መሐረብ ብቻ ነው። ወንድሜ አየው። እኔ ማየቴንም አየ። ምላጩን አለቀለቀና በሌላኛው ጉንጭ ቀጠለ።

ያን ሳይ ለሦስተኛ ጊዜ ነገርኳቸው። አረፋው ገና ከጆሯቸው ሥር ሳይጠረግ፣ አጎንብሼ፣ ቃል በቃል። «እኔ ነኝ አባባ። እሱ ምንም አላደረገም።» እጄን ያዙኝ፤ በግራ እጃቸው። «አታልቅሺ። ይቅር ብዬሻለሁ።» ቀኙ ኪሱን አልለቀቀም።

ሲጨርስ ግንባራቸውን ሳማቸው። እኔ ቁልፉን አምጥቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አባባ ይህን አይተው ጠጋ በይ አሉኝና ጆሮዬ ሥር ተናገሩ። የእሳቸው ሹክሹክታ እስከ በር ይሰማል።

«ይሄ ልጅ እጁ ጥሩ ነው። ግን እሱ ሲመጣ መሳቢያውን ቆልፊ።»

«ለምን አባባ?»

ብዙ አሰቡ። በእውነት ሊያስታውሱ ሞከሩ። «እንጃ» አሉ። «ብቻ ቆልፊ።»

ወንድሜ በሩ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ያሰረውን ፈትቶ እንደገና አሰረው፤ «ረቡዕ እመጣለሁ» ብሎ ልጁን ይዞ ወጣ። አባባ ንጹሕ ጉንጫቸውን እየዳሰሱ ማን እንደላጫቸው ጠየቁኝ።

እኔን ዛሬ ሦስት ጊዜ ይቅር ብለውኛል።